የቀረውን በስሙ እንጥራው

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አሳብ የአንባብያን አስተያየት በሚወጣበት ዓምድ ታትምልኝ ዘንድ በአክብሮት እለምናለሁ። እኔ በሸዋ ሮቢት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር መምህር ነኝ።

በቅርቡ ስለ አየር ጠባይ ሳስተምር፣ አሜሪካውያን ለማሪን ጦራቸው የሠሩትን «ሲኤች-53ኬ» የተባለ ከባድ ጭነት አንሺ ሄሊኮፕተር በምሳሌነት አነሣሁ። አየር ሲሞቅና ከፍታ ሲጨምር ይሳሳል፤ የሳሳ አየርም ሄሊኮፕተርን በሚገባ አይሸከምም። ስለዚህ በቀዝቃዛ የባሕር ጠረፍ ብዙ የሚያነሣ ሄሊኮፕተር፣ ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በሸዋ ሮቢት በቆላው ሙቀት ያንኑ ያህል ሊያነሣ አይችልም። አዲሱ ሄሊኮፕተር የታሰበው ይህን ችግር እንዲያሸንፍ ነው። ይኸውም በ900 ሜትር ከፍታና በ33 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ12 ቶን በላይ አንጠልጥሎ 200 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሄድ ነው።

ሥራው ግን እንደ አሳቡ አልቀለለም። ውሉ ሲኮርስኪ ለተባለው ፋብሪካ የተሰጠው በ1998 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያው ዕቅድ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ለአገልግሎት መድረስ ሲገባው፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ገና የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ለአገልግሎት ብቁ ነው የተባለው በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ነው። ለ200 ሄሊኮፕተሮች የታሰበው ጠቅላላ ወጪም ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል።

ተማሪዎቼን ያስገረማቸው ግን ገንዘቡ ሳይሆን የመዘግየቱ ምክንያት በግልጽ መታወቁ ነው። የሞተሩን ኃይል ወደ ተሽከርካሪው ክንፍ የሚያስተላልፈው ማርሽ ችግር ነበረበት። ሞተሮቹም ራሳቸው የተፉትን ትኩስ ጭስ መልሰው እየሳቡ ይግሉ ነበር። ይህን ሁሉ የአገሪቱ ሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በየጊዜው እየጻፈ ለምክር ቤቱም ለሕዝቡም አሳውቋል።

በዚህ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ «ጋሼ፣ ታዲያ የእኛ ባቡር ምን ጎድሎት ነው?» አለችኝ። አጥጋቢ መልስ ስላልነበረኝ አፈርሁ።

ልጂቱ የጠየቀችው በይፋት ቆላ አልፎ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐራ ገበያ ስለሚዘልቀው፣ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነው የአዋሽ የባቡር ሐዲድ ነው። 1.7 ቢሊዮን ዶላር የሆነው ውል ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር በ2004 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ሥራው በየካቲት 2007 ዓ.ም. ተጀመረ። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ከ90 በመቶ በላይ ተጠናቋል ሲባል ሰማንና ደስ አለን። ነገር ግን ባቡሩ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ሐዲዱ ተነጥፎ ሳለ ኤሌክትሪኩ በጊዜው አልደረሰም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ እኛ ድረስ በዘለቀ ጊዜ ደግሞ በሥራው ላይ ጉዳት ደረሰ። እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ መደበኛ አገልግሎት አልተጀመረም። ሥራው ሲጀመር አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ በ2018 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። የቆላው ሽንኩርትና ማሾም ዛሬ በካሚዮን ተጭኖ የጣርማበርን አቀበት ይወጣል።

በየመሥሪያ ቤቱ የምትገኙ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ የሥራ ክንውን በመቶኛ መጻፍ ልማዳችን መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ የትምህርት ቤታችንን ሪፖርት የምጽፈው እንዲሁ ነውና። ሆኖም መቶኛው የተሠራውን ይቈጥራል እንጂ የጎደለውን አይናገርም። ሄሊኮፕተሩ ብዙው ክፍሉ ተሠርቶ ሳለ አንድ ጭስ አስጨነቀው። ባቡሩም እንዲሁ ሐዲዱ ሁሉ ቢሟላ፣ ያለ ኤሌክትሪክ አንድ ኩንታል አያንቀሳቅስም።

ሒሳቡን መግለጥ የአሜሪካኑንም ሥራ ከመዘግየት አላዳነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ችግሩ በስሙ ስለ ተጠራ ገንዘቡና ባለሙያው ወዴት መሄድ እንዳለበት ታወቀ። ደግሞም ባለጠጋ አገር ለዓመታት ቢሳሳት ይችለዋል፤ እኛ ግን በብድር የሠራነው ሐዲድ ባቡር ቢሄድበትም ባይሄድበትም ዕዳው ይከፈላል።

ስለዚህ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በየስድስት ወሩ በዚሁ ጋዜጣ ሦስት ነገር እንዲገልጽልን በማክበር አሳስባለሁ፦ አንደኛ፣ ባቡሩ እንዲሄድ የቀረው ነገር በስሙ ምን ምን ነው? ሁለተኛ፣ በማን እጅ ነው? ሦስተኛ፣ ምን ያህል ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል? መልሱ መራራ ቢሆን እንኳ እንታገሣለን። እኔም ለተማሪዬ የምሰጣት መልስ አገኛለሁ።

አክባሪዎ፣
አንድ መምህር
ከሸዋ ሮቢት