አሳ ግማቱ ከአናቱ፤ አናቱ ከሌለስ?

ወር ሊያልቅ ሲል የተማሪ ኪስ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኔ ግን እንዲህ ባለው ሰሞን ነው፣ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር አዳማ ውስጥ ወደ አንድ ፈጣን ምግብ ቤት ጎራ ብዬ አሳ ሳንዱች ያዘዝኩት። ዋጋው 350 ብር። የቀረበልኝ ረጅም ዳቦ፣ ክምር ድንች ጥብስ፣ ማዮኔዝ፣ በመሃል ደግሞ በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ፣ ከመዳፌ ያነሰ ነገር ነው።

ጓደኛዬ አስተናጋጇን «ምን አሳ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «አሳ ነዋ!» አለችው። ሳቅን። እሱ ግን የራሱን ሳንዱች ሳይነካው ወደ እኔ ገፋው። እነሱ ቤት ቅርፊት የሌለው አሳ አይበላም። በኦሪት ሕግ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት ክልክል ነው፤ አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውም። ሳህኑ ላይ ያለው ቆሮሶ ይሁን አምባዛ የሚነግረው ሰው ስላጣ ከፍሎ ጾሙን ወጣ።

ቅዳሜ ወደ ቤተሰቦቼ ሄድኩ። ደራ፣ ለማታውቋት፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የዶዶታ ወረዳ ከተማ ናት። እናቴ እዚያ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ከአንዲት እንጀራ የሚተርፋት 3 ብር ገደማ ነው። እንግዲህ አስሉት፤ የእኔ ሳንዱች እሷ ከ100 በላይ እንጀራ ጋግራ የምታገኘው ትርፍ ነው። ነገሩን ስነግራት አልተቆጣችም። «ለመሆኑ ጠግበሻል?» ብቻ ነው ያለችው። አልጠገብኩም ነበር። ከቁጣ ይልቅ ይቺ ጥያቄ ናት የቆረቆረችኝ።

በማግስቱ መንገድ ዳር አሳ ወደሚጠብሱ አንዲት እናት ታናሽ ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። ከቆቃ የመጣ ቆሮሶ ነው፤ አዋሽ በ1952 ዓ.ም. ሲገደብ ከተፈጠረው ሐይቅ ማለት ነው። ከነጭንቅላቱ፣ ጎንና ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር ቀረበልን። አንዱ ትልቅ አሳ 400 ብር። ለሁለት በልተን፣ አጥንቱን ግጠን ተነሳን።

«እትዬ፣ አሳ ምነው እንዲህ ተወደደ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ስለ ዘይቱስ አትጠይቂኝም?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የምግብ ዘይታችን በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብር ምን ያህል አቅም እንዳጣ ደግሞ ሁላችንም በኪሳችን እናውቀዋለን። አሳው ራሱም ቢሆን በረዶ ከሌለው ሙቀታችን ውስጥ ውሎ አያድርም፤ ያልተሸጠው ኪሳራ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ለሳንዱች ቤቱም ልከራከርለት። የቆሮሶ ሥጋ ከአጥንቱና ከቆዳው ሲለይ የሚተርፈው ከጠቅላላ ክብደቱ ሲሶው ያህል ብቻ ነው። አንድ ኪሎ የገዛ ሰው 300 ግራም ከምናምን ያገኛል። በዚያ ላይ የከተማ ኪራይ፣ መብራት፣ ደመወዝ አለ። ስለዚህ «350 ብር ዘረፋ ነው» ብዬ አልጮህም። ዋጋው ላይሆን ይችላል ችግሩ።

ታዲያ ምኑ ነው? «አሳ ግማቱ ከአናቱ» ይባላል። ደራ ላይ አናቱን አየሁት። ዓይኑ እንዳልደፈረሰ አየሁ፣ ቆሮሶ መሆኑን አወቅሁ፣ መጠኑንም ከመክፈሌ በፊት መዘንኩት። ልጅ አሳ ቢሆን ኖሮ አልገዛም ነበር፤ ሳይራባ የተያዘ አሳ ለነገ የሚተርፍ ዘር የለውምና። ሳንዱቹ ውስጥ ግን አናት የለም፣ ቅርፊት የለም፣ ስም የለም። በዱቄት የተሸፈነን ነገር በእምነት ብቻ ነው የገዛሁት። ለእኔ ኪሳራው ገንዘብ ነው፤ ለጓደኛዬ ግን ከገንዘብ በላይ ነው።

አንዳንድ ሰው «ተማሪ ስለ አሳ ምን አገባው፣ ሽሮውን አይበላም?» ይል ይሆናል። ሽሮማ እንበላለን! ነገር ግን ቆቃንና ዝዋይን በቅርብ ይዘን አሳ የሀብታም ምግብ ብቻ ነው ብለን መተው ያለብን አይመስለኝም። ለሁለት ወይ ለሦስት ሆኖ አንድ ሙሉ አሳ መግዛት ከእኛ አቅም በታች ባይሆንም፣ በወር አንዴ ይቻላል። ያወጡት ብር ሆድ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው፤ ሙሉው አሳ ዋጋው ይገባዋል፣ ስም የሌለው ሳንዱች አይገባውም። ምግብ ቤቶች ደግሞ ሜኑ ላይ «አሳ» ከማለት «ቆሮሶ» ወይም «አምባዛ» ብለው ቢጽፉ አንዲት ቃል ናት፤ ወጪ የላትም።

እኛስ? አንደኛ ዓመት ላይ መጀመሪያ የተማርነው ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የሚለውን አይደለም እንዴ? ለዜና ብቻ መስሎን ኖሯል። ምን አሳ ነው? ከየት መጣ? መቼ ተያዘ? ይህንን ሳልጠይቅ ከእንግዲህ የእናቴን የ100 እንጀራ ድካም አልከፍልም። እናንተም ጠይቁ። «አሳ ነዋ!» ካሏችሁ፣ ሽሮ እዘዙ።