«ሰው ለሰው»ን ለየብቻ አንየው

በዛሬው እትም ልናነሳው የፈለግነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ስለ አንድ ያለፈ የቴሌቪዥን ድራማ ነውና። ሆኖም የሙያችን ነገር ስላለበት እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን እንጠይቃለን።

እንደሚታወቀው የአካባቢያችን ኑሮ እንደ ወትሮው አልሆነም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ ከይፋግ ወረታ፣ ከወረታ ባሕር ዳር እንደ ልብ መውጣትና መግባት የተቸገርንባቸው ብዙ ቀኖች አልፈዋል። መንገድ ተዘግቶ መኪና የጠበቅንበት፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ ያጠናንበት፣ ገበያው ሳይሞላ የተበተነበት ጊዜ ነበር። የሞባይል ኢንተርኔትም አንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ ቆይቷል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሁሉም ወደየቤቱ መግባትን ለመደ። ታዲያ በር ከተዘጋ በኋላ ምን ይሠራል? ሞጁል ይነበባል፣ ይሰለቻል። ወሬ ይወራል፣ ያልቃል። በዚህ ጊዜ ነው ከሞባይል ቤት በሚሞሪ ካርድ ድራማ ማስጫን የተያዘው። አንዱ ያስጭናል፣ ለሌላው ያስተላልፋል። «ሰው ለሰው»ን ያገኘነው እንዲህ ነው።

ይህ ድራማ ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በየሳምንቱ ይተላለፍ የነበረ ነው። ከደራሲዎቹ መካከል መስፍን ጌታቸው፣ ሰለሞን ዓለሙና ዳንኤል ኃይሉ ይገኙበታል። እኛ ያኔ ሕፃናት ስለነበርን ገና ሳይጀምር እንቅልፍ ይወስደን ነበር። ለእኛ አዲስ የሆነው ለእናቶቻችን የድሮ ነው። «ሰው ለሰው አየን» ስንላቸው «አይ አስናቀ!» ይሉና ፊታቸው ይለወጣል፤ ትናንት በደል የፈጸመባቸው ጎረቤት ነው የሚመስለው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ነገ ልጆች ፊት የሚቆም ሠልጣኝ ድራማ ላይ ምን ያፈጠዋል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ በበኩላችን የምንለው ግን ጥፋቱ ከማየቱ ላይ ሳይሆን ከአስተያየታችን ላይ ነው። ሦስት ነገሮችን እንጥቀስ።

አንደኛ፣ አስናቀን እንመልከት። አበበ ባልቻ የተጫወተው ይህ ሰው ክፉ ነው፤ ግን ቀንድ አላበቀለም። ሱፍ ይለብሳል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሰውን ሰው በሚያከብረው አነጋገር ያነጋግራል። እኛ በሥነ ምግባር ትምህርት «ክፉ ሰው አትሁኑ» ብለን ሰሌዳ ላይ ጽፈን እንወጣለን። ልጁ ግን ክፋትን የሚያውቀው በሚያውቀው ፊት ላይ ሲያየው ነው። ተረታችን «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ይላል። ድራማው ስሙን ከዚያው ወስዶ ሰው ለሰው መርዝ ሲሆን ያሳየናል። ተረቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ተመልካቹ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለክፍል ውይይት ቢቀርብ ልጅ ሁሉ እጁን ያወጣ ነበር።

ሁለተኛ፣ አጠባበቁ ነው። ወላጆቻችን አንዱን ክፍል አይተው ሌላውን ለማየት ሳምንት ይጠብቁ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚያየው። በማግሥቱ ቡና ላይ «ይያዛል»፣ «አይያዝም» እየተባባሉ ይከራከራሉ። ትምህርቱ የሚገኘው ከዚያ ክርክር ነበር። እኛስ? ማዳመጫ ጆሯችን ውስጥ ሰክተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን በአንድ ሌሊት አሥር ክፍል እንውጣለን። ጠዋት ዓይናችን ቀልቶ ክፍል እንገባለን፤ ምን አየህ ብንባል ግን ማን ማንን እንዳገባ ከመናገር አናልፍም።

ይህን ስንል አንድ ነገር ትዝ ይለናል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ተጀምሮ ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ያልገባው ልጅ «እስቲ ይደገምልኝ» ቢል የፕላዝማው መምህር አይሰማም፤ ክፍል ውስጥ የቆመው መምህርም ሊያስቆመው አይችልም። ከበስተኋላችን የመጡ ታላላቆቻችን ይህንን ሲያወሩ ምን ያህል እንደተቸገሩ ይገባናል። እንግዲህ አስተውሉ! ያም ቴሌቪዥን ነበር፣ «ሰው ለሰው»ም ቴሌቪዥን ነበር። አንደኛው ቸኩሎ ሲያልፍ ሌላው ከአሥር ዓመት በኋላም ከእናቶቻችን ልብ አልወጣም። ልዩነቱ መስኮቱ አይደለም። በመስኮቱ ዙሪያ ሰው ተነጋግሯል ወይስ አልተነጋገረም የሚለው ነው።

ሦስተኛው የሚጎድለው ነገር ነው። ድራማው የአዲስ አበባ ነው፤ ቪላው፣ መኪናው፣ ቢሮው ሁሉ የዚያ ነው። ለመሆኑ የፎገራ ሜዳ ታሪክ የለውም? በ1970ዎቹ ሩዝ ወደዚህ ሲመጣ ገበሬው ይህን እንግዳ እህል እንዴት እንዳየው፣ ዛሬ ደግሞ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኖ ማዕዱ ላይ መቅረቡ ድራማ አይወጣውም? በ1998 እና በ2012 ዓ.ም. ክረምት ውኃ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው፣ ከብቱን ልንዳ ወይስ ልጄን ልሸከም ብሎ የተጨነቀ አባት ታሪክ አይሆንም? በር ተዘግቶበት የከረመ ትምህርት ቤትስ? ይህንን ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚጽፍልን ሰው መጠበቅ የለብንም።

ስለሆነም የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከእራት በፊት፣ በአንድ ክፍል ተሰብስበን አንድ ክፍል ብቻ እንይ። ካበቃ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንከራከር። ሴቶች ሠልጣኞችም የማየት ብቻ ሳይሆን የመናገር ተራ ይኑራቸው። ቀጣዩን ቀድሞ ያየ ካለ አፉን ይያዝ! በወሩ መጨረሻ ደግሞ የአማርኛ ክበባችን ከየቀበሌያችን ታሪክ አውጥቶ አጭር ጭውውት ያዘጋጅ።

ይህን የምንለው ለመዝናናት ብቻ ብለን አይደለም። በክልላችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች በግጭቱ ምክንያት ከትምህርት ተለይተው ቆይተዋል። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት የምናገኛቸው እነዚህን ልጆች ነው። ከፊሉ ፊደል ረስቷል፤ ከፊሉ ፈርቷል፤ አንዳንዱ መምህርን ማመን ትቷል። እንዲህ ያለውን ልጅ በአንድ ቀን አሥር ምዕራፍ ብንግተው አይመለስም። ዛሬ አንድ ነገር አሳይተነው፣ ጥያቄ አንጠልጥለን፣ «የቀረውን ነገ» ብንለው ግን ነገ ይመጣል። እኛም ይህንን ሙያ ከወዲሁ፣ አብረን ተቀምጠን እንልመደው እንላለን።