ክራንኩን ከመላጭህ በፊት

የድሮ የእሽቅድምድም መኪና የሚያድሱ ሰዎች አንድ በሽታ አለባቸው፤ ግራም መቁጠር። "ከክራንክሻፍቱ ይህን ያህል ላጨሁለት" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ከላጨኸው በኋላስ ባላንስ አስደርገኸዋል? ዝም ካለ ከመኪናው ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ኦስቲን ሰቨንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1922 እንግሊዝ ውስጥ የወጣች ሚጢጢ መኪና ናት። ኮሊን ቻፕማን የመጀመሪያዋን ሎተስ የሠራው በእሷ ላይ ነው፤ ብሩስ ማክላረንም ውድድር የጀመረው በእሷ ነው። 747 ሲሲ በሆነው ሞተሯ ውስጥ ክራንኩ የአራት ፒስተን ጉልበት ተሸክሞ ያረፈው በሁለት ቤሪንግ ላይ ብቻ ነበር፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የመሀሉ ቤሪንግ እስከ 1936 አልመጣም። ስለዚህ ሞተሩ ሲፈጥን የዘንጉ መሀል እንደ ዝላይ ገመድ ወደ ውጭ ይለጠጣል።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ከመሀል 4 ሴንቲ ሜትር ርቆ 10 ግራም ቢተርፍ፣ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ 4 ኪሎ በሚያህል ኃይል ይጎትታል። በ6000 ዙር ግን 16 ኪሎ! ያውም በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን እየቀያየረ። (ጎማ ቤት የምትለጠፈዋን ትንሽ እርሳስ የሚንቅ ሰው ይህን ያስብ።)

"ቢላ ጠርዝ ላይ አስቀምጬው አልተንከባለለም" የሚሉም አሉ። አይበቃም። ከፊት ላይኛው ጎኑ፣ ከኋላ ደግሞ ታችኛው ጎኑ የከበደ ዘንግ ቆሞ ሲታይ ሚዛኑን የጠበቀ ይመስላል፤ ሲሽከረከር ግን ሁለቱ ጫፎቹ በተቃራኒ ይወረወራሉ። የሚለካው ማሽን ላይ እየዞረ፣ ከነቮላኖውና ከነፍሪሲዮኑ ነው። ቢየላዎቹም ትልቁ ጫፋቸውና ትንሹ ጫፋቸው ለየብቻ ተመዝነው እኩል መሆን አለባቸው።

ማቅለል ጥቅም የለውም አልልም። ሞተሩ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይወርዳል፤ ከመታጠፊያ ሲወጡ ይህ ይታወቃል። የፈረስ ጉልበት ግን አይጨምርም። ደግሞስ ለምን ከክራንኩ? ከመሀል 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ከቮላኖው የተነሳ አንድ ግራም፣ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ከክራንኩ ከተነሳው ዘጠኝ እጥፍ ይሠራል። የቮላኖው ጠርዝ ትርፍ ክብደት ነው፤ የክራንኩ ብረት ግን ጥንካሬው ራሱ ነው። ሞላ የነካው ጭረት ሁሉ የስንጥቅ መነሻ ሊሆን ይችላል።

"የድሮዎቹ ተወዳዳሪዎች ያደርጉት ነበር" ይሉኛል። አዎ፣ ያደርጉት ነበር። ያኔ ኦስቲን ሰቨን ርካሽ አሮጌ መኪና ነበረች፤ አንዱ ክራንክ ሲሰበር ሌላ ይገኝ ነበር። ዛሬ ያ ዘንግ ሲሰበር የአልሙኒየሙን የሞተር ሆድ ቀድዶት ይወጣል፤ ዕድሜው ወደ መቶ ዓመት የተጠጋ ሆድ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ስንጥቅ አስመረምር ነበር፤ ቀጥሎ ቮላኖውን አስቀልልና ሁሉንም በአንድ ላይ ባላንስ አስደርግ ነበር። ከክራንኩ የሚነሳው ብረት ባላንሱ የጠየቀው ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ አንዲት ግራም አልነካም።