«ይነሳና ዘይቱን ራሱ ይስባል»

ደሴ ውስጥ ሞተሩ ወርዶ የታደሰ አይሱዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ጋራዡ በሰው ይሞላል። ባለመኪናው፣ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ከጎረቤት ጋራዥ ሊያይ የመጣው ሁሉ ከቦ ይቆማል። ሞተሩ ገና ጥብቅ ነውና ሞተሪኖው ያቃስታል። ይሄኔ አንዱ «ጎትቱት!» ይላል። ገመድ ይታሰራል፤ ካልሆነም ደሴ ቁልቁለት አጥታ አታውቅምና መኪናው ተለቆ ማርሽ ይገባለታል። ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ነዳጅ ይረገጣል። «ይጩህ፣ ዘይቱ ይውጣለት!» የሚል ምክርም አይጠፋም።

ይህ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ እንደ ሙያ የተቆጠረ ልማድ ሙያ አይደለም። ለሳምንታት የተለፋበትንና ባለመኪናው ተበድሮ የከፈለበትን ሥራ ገና ከግቢ ሳይወጣ ማቁሰል ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሚሠራ ሞተር ውስጥ ክራንክሻፍቱ ብሮንዚናውን አይነካም፤ በመሃላቸው በግፊት የሚገባ ስስ የዘይት ሽፋን ላይ ይሽከረከራል። የክፍተቱ ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት መቶኛ ብዙም የማይርቅ ነው። ሞተሩ ፈርሶ፣ ታጥቦና በአየር ተነፍቶ ሲገጠም ግን የዘይት ፖምፓው ደርቋል፣ ፍልትሮው ባዶ ነው፣ በብሎኩ ውስጥ ያሉት የዘይት መንገዶችም የያዙት አየር ብቻ ነው። ደረቅ ፖምፓ ደግሞ በወጉ አይስብም። ጥርሶቹ አየር እንዳያሳልፉ የሚያደርጋቸው ራሱ ዘይቱ ነው። «ይነሳና ዘይቱን ራሱ ይስባል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ሞተሩ በነዳጅ ተነስቶ፣ ፍንዳታው ፒስተኑን ቁልቁል እየገፋ፣ ዘይቱ ገና መንገድ ላይ ነው።

መካኒኮቹ መልስ አላቸው፤ «ስንገጥም ዘይት ቀብተናል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይቀባሉ። የተቀባ ዘይት ግን ይወርዳል። ሞተሩ ተገጥሞ የነዳጅ ፖምፓው እስኪለካ፣ ወይም 401 ኪሎ ሜትር ርቃ ካለችው አዲስ አበባ አንድ ጎማ ማኅተም እስኪመጣ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይቆማል። በዚያ ላይ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ምን ያህል እንደምትበርድ ነዋሪዋ ያውቀዋል። ቁጥር 40 ዘይት በዚያ ብርድ እንደ ማር ይሆናል። ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ በዚህ በኩል ትሻላለች፤ ዘይቱ ግን እዚያም በራሱ አይሄድም።

ልማዱ ከየት መጣ? የቀድሞዎቹ መካኒኮች እጃቸውን ያፍታቱት በፊያት 682 ኤን ትሬ ነበር። ከ10 ሊትር በላይ የሆነው፣ በደቂቃ 2,000 ዙር እንኳ የማይሞላው ያ ትልቅ ሞተር ብዙ ጥፋት ይችል ነበር። ዛሬ በዚያው ጋራዥ የሚወርደው በደቂቃ እስከ 4,000 ዙር ኃይሉን የሚሰጠው የሚኒባስ 5ኤል ሞተር ነው፤ ወይም በሚሌ በኩል ከጅቡቲ ጭኖ ኮምቦልቻ የሚገባው ባለ ተርቦ ሲኖትራክ። ተርቦው በደቂቃ በአሥር ሺዎች ዙር የሚሽከረከረው በዚያው ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው። ቶዮታ ለራሱ ባለ ተርቦ ናፍጣ ሞተሮች ባዘጋጀው የጥገና መጽሐፍ፣ አዲስ ተርቦ ሲገጠም በዘይት መግቢያው 20 ሲሲ ያህል ንጹሕ ዘይት ጨምሮ በእጅ ማዞር እንደሚገባ ጽፏል። ካሚንስም የታደሰ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የዘይት መንገዱ በግፊት ይሞላ ይላል። አምራቹ ይህን የሚጽፈው ቅብጠት ይዞት አይደለም።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ጥፋቱ ሲመጣ የሚሰጠው ምክንያት ነው። መኪናው ወር ሁለት ወር ሠርቶ፣ ጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ዳገት ላይ መንኳኳት ይጀምራል። ያኔ የሚረገመው ሐረጎ ነው። አለዚያ ሾፌሩ «ሮዳጅ አልጠበቀም» ይባላል፤ ከሁለቱም ካመለጠ «ብሮንዚናው የቻይና ነው» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ገበያውን እንዳጥለቀለቀው የሚክድ የለም፤ የወጣውን ብሮንዚና እጅ ላይ አድርጎ ለሚያይ ሰው ግን ምልክቱ ይለያያል። ቆሻሻ የበላው ብሮንዚና በቀጫጭን መስመር ተጭሯል፣ ብናኙም ተሰክቶበት ይታያል። ደርቆ የተነሳው ሌላ ነው፤ ጭነት በሚያርፍበት በኩል ግራጫው ለስላሳ ሽፋን እንደተጠረገ ቅቤ ወደ ጎን ተልጦ፣ ከሥሩ የመዳብ ቀለም ብቅ ብሏል። ያ ሽፋን ውፍረቱ ሦስት መቶኛ ሚሊ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ አንዴ ከተላጠ አይመለስም። ስንቱ ጋራዥ ነው አሮጌውን ብሮንዚና ገልብጦ አይቶ ለባለመኪናው የሚያሳየው? ቁርጥራጩ ቶሎ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል፤ ምስክሩም አብሮ ይጣላል።

«መሣሪያ የለንም» የሚለው ሰበብም ውኃ አያነሳም። ፖምፓው ሲገጠም ውስጡን በዘይት መሙላት፣ ፍልትሮውን ሞልቶ ማሰር፣ ነዳጁን መዝጋት፣ ኖዝሎቹን አውልቆ ሞተሩን ከትንፋሽ ጫና ነጻ ማድረግ፣ ከዚያ በሞተሪኖ ማዞር ምን መሣሪያ ይጠይቃል? «ሞተሪኖ ያቃጥላል» ለሚሉም መልሱ አጭር ነው፤ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ማዞር፣ ቀጥሎ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ። ኖዝል የወለቀለት ሞተር ቀላል ነው፤ ሞተሪኖውን የሚያቃጥለው ጥብቁን ሞተር ከነትንፋሹ ማስጨነቅ ነው። የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ ደግሞ ገበሬው ጸረ-ተባይ የሚረጭበትን፣ በእጅ አየር የሚነፋ መርጫ አዲሱን (ኬሚካል የነካውን በጭራሽ!) ይግዛ። ጫፉን ቆርጦ፣ ፀሐይ ላይ የሞቀ ንጹሕ ዘይት ሞልቶ፣ የዘይቱ ሴንሰር በሚታሰርበት ቀዳዳ ይግፋው። ረዳቱ ክራንክሻፍቱን በቁልፍ ቀስ እያለ ያዞራል፤ የቴስታታው ክዳን ክፍት ሆኖ ዘይቱ ባልቦላዎቹ ላይ ሲንጠባጠብ በዓይን እስኪታይ ድረስ። ሥራው ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው።

በዳሽቦርዱ ቀይ መብራት የሚጽናኑም አሉ። መብራቱ የሚጠፋው በትንሽ ግፊት፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ባር እንኳ ሳይሞላ ነው። ጠፋ ማለት ዘይት ሴንሰሩ ጋ ደረሰ ማለት እንጂ ቴስታታው ላይ ወጣ ማለት አይደለም። የዘይት ግፊት ጌጅ ማሰር ያስፈልጋል።

በደሴ ወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም ሆነ በኮምቦልቻ የሥልጠና ተቋማት አውቶ የሚማር ልጅ ሞተር ገጥሞ ስላስነሳ ብቻ ማለፍ የለበትም። ከማስነሳቱ በፊት፣ ነዳጅ ተዘግቶ፣ የዘይት ግፊት በጌጅ ማሳየት አለበት፤ ያላሳየ ይውደቅ። እስከዚያው ጉልበቱ ያለው በባለመኪናው እጅ ነው። ዕቃውን የገዛው እሱ ነው፣ የእጅ ዋጋውን የሚከፍለውም እሱ ነው፤ ዳግመኛ ሲወርድም ከፋዩ ያው እሱ ነው። ስለዚህ መኪናዎን ለእድሳት የሚያስገቡ ሁሉ ውል ሲይዙ አንድ መስመር ያስጨምሩ፦ የጌጁ መርፌ ነዳጅ ሳይከፈት ተነሥቶ ካልታየ መኪናው አይጎተትም፣ ቀሪው ክፍያም አይከፈልም።