የግቢ ጓደኝነት ደብተር ይፈልጋል

ኢስትሊ ውስጥ ሱቅ ከፍተን ከምንሠራው ሐበሾች መካከል ዲግሪ ያለው ሰው ብዙ ነው። ምሕንድስና ተምሮ ጫማ የሚያከፋፍል አለ። አካውንቲንግ ተምራ በሞያሌ በኩል በርበሬና ሽሮ የምታስመጣ አለች። መምህር የነበረ፣ አሁን ጨርቅ በጥቅል የሚሸጥ አለ። ዲግሪው ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከግቢ ይዘነው የወጣነውና እስከ ዛሬ በእጃችን ያለው ሀብት ሌላ ነው፤ አብረውን የተማሩት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ሀብት አንድ ነገር ለማለት ነው የተነሳነው። የግቢ ወንድማማችነታችን እንዲዘልቅ ከፈለግን እንደ ዕድርና እንደ ዕቁብ በደብተር፣ በመዋጮና በደንብ ልንይዘው ይገባል። አለዚያ ከእኛ ጋር አርጅቶ ከእኛ ጋር ይቀበራል። ወንድማማችነት ስንል እህቶቻችንንም ነው፤ እንዲያውም ከሞያሌ እስከ ኢስትሊ ያለውን ንግድ ከሚሸከሙት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው።

ይህ ዝምድና ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአገራችን የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና አለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ምደባው ደግሞ የሰውን ልጅ ከቤቱ አንስቶ የሚበትን ነበር። ጎንደር የተወለደው ጅማ፣ ወላይታ የተወለደችው መቀሌ፣ አዲስ አበባ ያደገው ሐሮማያ ይደርሰዋል። አንድ ዶርም ውስጥ በተደራራቢ አልጋ የተኛን ልጆች ከዚያ በፊት አንዳችን የሌላውን አገር በካርታ እንጂ በዓይን አናውቀውም ነበር። ከቤት ብር ሲዘገይ የአንዱ ኪስ የስድስቱ ኪስ ሆነ። የታመመውን ወደ ክሊኒክ የወሰደው አባቱ አይደለም፣ ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ልጅ ነው። ለፈተና ሽምደዳ ስንቀመጥ የገባው ላልገባው አስረዳ። እናት አገር ቤት ስታርፍ መርዶውን ያረዱት፣ አብረው ያለቀሱትና የአውቶቡሱን ገንዘብ ያዋጡት የዶርም ልጆች ናቸው።

በዚህ ላይ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያስተምሩ ነበር። በ1967 ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማርተዋል። ከዚያ ትውልድ አባቶቻችን ውስጥ አንድ ጣቢያ አብሮ የዘመተን ሰው ዛሬም «ወንድሜ» እንጂ «ጓደኛዬ» የማይሉ አሉ። አብሮ መቸገር ያዛምዳል።

ታዲያ ከምረቃ በኋላ ምን ሆነ? በምረቃ መጽሔቱ ላይ ከፎቷችን ሥር የመጨረሻ ቃላችንን ጻፍን። ጋዎን ለብሰን ተቃቀፍን። ከዚያ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ፣ ስሙም የባቹ ስም ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። በሦስተኛው ዓመት የሠርግ ጥሪ ማስተላለፊያ ይሆናል። በአሥረኛው ዓመት የሚነቃው ሰው ሲሞት ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ሻማ ይለጥፋል፣ «ነፍስ ይማር» ይጽፋል፣ ከዚያ እንደገና ዝም ይላል።

ሻማ መለጠፉን አንነቅፍም። ግን እዚህ ኢስትሊ የሞት ሥራ በሻማ አያልቅም። የሆስፒታል ሒሳብ አለ፤ ሒሳቡ እስኪዘጋ ሬሳ አንለቅም የሚሉ ሆስፒታሎች አሉ። ሳጥን አለ፣ የኤምባሲ ወረቀት አለ፣ የአውሮፕላን ጭነት አለ። አገር ቤት ድንኳን ተክለው የሚጠብቁ ወላጆች አሉ። እስካሁን ይህን ሁሉ የምንሠራው በድንጋጤ ነው። አንድ ሰው ስልክ ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፣ የሰጠ ይሰጣል፣ ያልሰጠ ነገ ይላል። ሸክሙ ሁልጊዜ የሚወድቀው በእነዚያው በአራት አምስት ሰዎች ላይ ነው። እነሱም አንድ ቀን ይደክማቸዋል።

ከሞት ይልቅ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሌላም ነገር አለ። ንግዱ የከሰረበት፣ ዕቃው ድንበር ላይ የቀረበት፣ የመኖሪያ ወረቀቱ የተበላሸበት ልጅ ከግሩፑ ቀስ ብሎ ይወጣል። ማንም አይጠይቀውም። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» እንላለን። እሱ ግን የወጣው አዲስ መኪና የገዛውን ባቹን ፎቶ ማየት ስላቃተው ነው። ጓደኝነት በፈቃድ ብቻ ሲያዝ የወደቀው ሰው ለመጠየቅ ያፍራል። የሚደርሰው በደንብ የታወቀ ነገር ሲኖር ግን አይለምንም፤ ድርሻውን ይወስዳል።

የሌላውን ዓለም ልማድ እንይ። አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ወንድማማቾች ማኅበር የሚባል አለ፤ የመጀመሪያው ፋይ ቤታ ካፓ ሲሆን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1776 ነው። ለእኛ ቀረብ የሚለው አልፋ ፋይ አልፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰባት ጥቁር ተማሪዎች መሠረቱት፤ በነጮች ግቢ ውስጥ ጥቂትና ብቸኛ ስለነበሩ እርስ በርስ ለመደጋገፍ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ የዚህ ማኅበር አባል ነበር። እነዚያ ሰባቱ ሁሉም አልፈዋል፤ ማኅበሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ልጅ ይገባል፣ የተመረቀውም በሚኖርበት ከተማ የተመራቂዎቹን ቅርንጫፍ ይቀላቀላል። እነዚህ ማኅበራት ነውርም አላቸው። አዲስ አባል ሲቀበሉ በሚፈጽሙበት ማሠቃየት የሞቱ ወጣቶች አሉ። ያ ለእኛ አይሁን። የቅርንጫፉን ነገር ግን ልብ እንበል።

የእኛ ባች በሩ የሚዘጋው በምረቃው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አይገባበትም፤ የሚወጣ እንጂ። ሃምሳ ሆነን ከጀመርን ከሃያ ዓመት በኋላ ሠላሳ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ አሥር እንሆናለን። ዕድር እንዲህ አይደለም። አባት ሲያርፍ ልጅ ይተካል። ሰው ያልፋል፣ ደብተሩ ይቀጥላል።

በአገራችንም ይህን ያወቁ የድሮ ተማሪዎች አሉ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ደርግ ስሙን እንጦጦ ብሎ ቢለውጠውም፣ እዚያ የተማሩት ሰዎች ራሳቸውን የተፈሪ መኮንን ልጆች ማለት አልተዉም። እዚህ ናይሮቢም ጎረቤቶቻችንን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው የአሊያንስና በ1959 የተመሠረተው የስታሬሄ ተማሪዎች አርጅተውም በትምህርት ቤታቸው ይጠራሉ፤ የድሮ ተማሪዎች ማኅበርም አላቸው። ስታሬሄ ደግሞ ከኢስትሊ ሩቅ አይደለም። የተጀመረው ለድሀና ለጎዳና ልጆች ነው። ከዚያ የወጣ ልጅ «ቤተሰቤ» የሚለው ትምህርት ቤቱን ቢሆን ማን ይደነቃል?

በመንገዳችን ላይ ያለውንም አንርሳ። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን አዩቶ ይጣላሉ፤ እኛ ዕቁብ የምንለው ነው። ኬንያውያኑ ቻማ ይሉታል፤ ደብተር ይይዛሉ፣ ቡድናቸውን ያስመዘግባሉ፣ በቡድኑ ስም የባንክ ሒሳብ ይከፍታሉ። በመተማመን ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ነገር ውስጡ ጥብቅ ደንብ አለው። እኛም ዕቁብ ላይ አንድ ቀን የዘገየውን አናልፈውም። ለገንዘባችን ይህን ያህል ከጠነቀቅን ለሰዎቻችን ለምን እንሰንፋለን?

ዕድር ራሱ ከስደት የተወለደ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስበውም። ብዙ አጥኚዎች መነሻውን አዲስ አበባ ከገቡ የጉራጌ ስደተኞች ጋር ያያይዙታል። ዘመድ አገር ቤት ቀርቶ፣ በከተማው ውስጥ የሚቀብረው ሰው ሲያጣ ነው ሰው ዕድር የመሠረተው። ያ ሰው እኛ ነን። ከእኛ እስከ ሞያሌ፣ ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህላል። አገር ቤት ያለ ዕድር ጡሩንባ ቢነፋ ኢስትሊ አይሰማም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ኢስትሊና አካባቢዋ ያለን የግቢ ልጆች ባች ሳንለይ እንመዝገብ። የአንድ ባች ልጆች እዚህ ሦስት ወይም አራት ብንሆን ነው፤ ለብቻችን ዕድር አንሆንም። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች አንድ ላይ፣ ካልበቃንም የሁለትና የሦስት ዩኒቨርሲቲ ልጆች አንድ ላይ እንሁን። ዘንድሮ ተመርቆ የሚመጣውን ልጅም እንቀበል፤ ታላላቆቹ ሲያልፉ የሚረከበው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ መዋጮው ትንሽና ቋሚ ይሁን። ሒሳቡ ቀላል ነው። አርባ ሰው በወር 500 ሽልንግ ቢያዋጣ በወር 20,000 ሽልንግ፣ በዓመት 240,000 ሽልንግ ነው። 500 ሽልንግ በወር ሁለት ቀን ምሳ ውጭ ከመብላት ብዙ አይበልጥም። በኤም ፔሳ ይላካል፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ ገንዘቡን ለማውጣት የሦስቱም ፊርማ ይጠየቃል። ለሞት ስንት፣ ለሕመም ስንት፣ ለወሊድ ስንት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይጻፋል። በየሦስት ወሩ ሒሳቡ ለሁሉም ይነበባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ የጉዳይ ማስፈጸሚያ እንዳይሆን። ጉምሩክ የገባ፣ ባንክ የገባ፣ ቢሮ የተሾመ የግቢ ልጅ ሁላችንም አለን። የሞያሌው የጋራ ድንበር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ከተመረቀ ወዲህም «እዚያ ማን አለን?» የሚለው ጥያቄ አልቀረም። መረጃ መጠየቅ፣ የቀረጥ ደንቡን አስረዳኝ ማለት ነውር የለውም። ወንድማችንን ሥራውን የሚያሳጣ ነገር መጠየቅ ግን ወንድማማችነት አይደለም። ማኅበሩ በዚህ ከታወቀ ደህናው ሰው ይሸሸዋል፣ የሚቀረው ጉዳይ ያለው ብቻ ይሆናል።

«ጓደኝነት በገንዘብ አይለካም» የሚሉ ወዳጆቻችን አሉ። ልክ ናቸው። ዶርም ውስጥ ግን ማን ሳሙና እንደሚገዛ፣ ማን እንደሚጠርግ ተራ ነበረን። ተራው ፍቅሩን አልቀነሰውም፤ ከጭቅጭቅ ጠበቀው እንጂ። «የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ማኅበር አለን» የሚሉም አሉ። እሱም ይቀጥል። የግቢው ማኅበር ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ያም ትርፍ ነው። «ግቢ ያልገባው ልጅስ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልሳችን ደብተሩ ውስጥ መግባት አለበት። ኢስትሊ ስንመጣ ሱቅ ያሳየን፣ ስዋሂሊ ያስተማረን፣ አንድ ክፍል ያካፈለን ልጅ ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ያላየ ነው። እሱን በር ላይ የሚያቆም ማኅበር ባይመሠረት ይሻላል። አንድ አባል ዋስ ሆኖ ካቀረበው ይግባ፣ እኩል ያዋጣ፣ እኩል ይጠየቅ።

የከበደውን ወደ መጨረሻ ያቆየነው ስላልረሳነው አይደለም። የብዙ ባች ግሩፖች በጦርነቱ ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ተከፍለዋል። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው ግጭት ተነስቶ ብዙ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያየናቸው ታናናሾቻችን ያን ቁስል ይዘው ነው የወጡት። ከዚያ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ አንድ ብርድ ልብስ የተጋሩ ልጆች በስልክ ተሰዳደቡ። አንዱ የወንድሙን ሞት ሲናገር ሌላው ዝም አለ። ያ ዝምታ ከስድቡ ይልቅ ያመመው ብዙ ነው።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ኅዳር 3፣ የሁለቱ ወገን የጦር አዛዦች ተቀምጠው የተፈራረሙት እዚሁ ናይሮቢ ነው። ጦር ያዘዙት ሰዎች በምንኖርበት ከተማ ተቀምጠው ከተነጋገሩ፣ አንድ ዶርም ያደርን ልጆች አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን የማንነጋገርበት ምክንያት ምንድን ነው? የፖለቲካ ሐሳባችንን እንድንተው አንጠይቅም። አገር ቤት በሌላ አካባቢ ያለው ግጭትም ገና ቤታችንን እያንኳኳ ነው። ግን ደብተር አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ የአባሉን ስም እንጂ የአባሉን ወገን አይጽፍም። የሞተበትን ሰው ለማልቀስ ከየትኛው ወገን እንደሞተበት መጠየቅ የሌለበት ቦታ ያስፈልገናል። ግቢ እንዲህ ያለ ቦታ ነበር።

ጅምሩ ትልቅ ጉባኤ አይፈልግም። በመጪው እሑድ አንድ ሰው አንድ ደብተር ይግዛ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ እዚህ ያሉትን የግቢ ልጆች ስም፣ ስልክና አገር ቤት የሚጠራላቸውን ሰው ስልክ ይጻፍ። ከዚያ ከግሩፑ ዝም ብሎ ለወጣው ልጅ ይደውል፣ «ስምህን ጽፈነዋል» ይበለው።

ቸር ይግጠመን።