ክንዱ የተሰበረ መስኮት

«መስኮቴ ክንዱ ተሰበረ» አለኝ ወዳጄ፣ ቡኢ ውስጥ ከአስፋልቱ ዳር ካለች ቡና ቤት ገና አረፍ ሳንል።

«እጀታው ነው?»

«እጀታው ቢሆንማ ምን ቸገረኝ! ከታች ገፋ ስታደርገው ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ የሚቆም የአሉሚኒየም መስኮት የለም? በግራና በቀኝ ደግፎ የሚያቆመው ብረት ነው የተሰበረው። አሁን በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጓ! ይላል።»

«ታዲያ አዲስ አትገዛም?»

«መርካቶ ሄጄ ነበር እኮ! ፎቶውን ለሻጩ አሳየሁት፤ ‹አለ› ብሎ ጥንዱን ሰጠኝ። ስመለስ ጢያ ላይ ትክል ድንጋዮቹን እያየሁ፣ እነዚህስ መለዋወጫ አይፈልጉ፣ እያልኩ በደስታ መጣሁ። ቤት ገብቼ ብለካው አንድ ጋት ይረዝማል!»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በጉርድ ፎቶማ ረጅሙም አጭሩም ሰው እኩል ነው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ለሻጭ ፎቶ ማሳየት ምን ይባላል?

«የተሰበረውን ለምን ይዘህ አልሄድክም?»

ቡናውን አማሰለ። «ለቆራሌው ሰጥቼዋለሁ።»

ደግነቱ መስኮት ክንዱ ሁለት ነው። ሜትርና ካቻቢቴ ይዘን ቤቱ ሄድን፤ መስኮቱን ለሁለት ደግፈን አወረድነውና የተረፈውን ክንድ ፈታነው። አዋቂዎቹ ፍሪክሽን ስቴይ የሚሉት ነው፤ መስኮቱን ባለበት የሚያቆመው መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ፍትጊያ ነው። የሚለካው ፍሬሙ ላይ በቪቴ የሚታሰረው ሐዲዱ ነው፦ 30 ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ ማለትም 12 ኢንች። የገዛው ባለ 16 ኖሯል።

«በቃ፣ 12 ብዬ ልዘዝ?»

«ቆይ እንጂ።» ክንዱን አጥፌ ውፍረቱን ለካሁ። ባለ 13 ሚሊ ሜትር አለ፣ ባለ 17 አለ፤ ከወፈረ መስኮቱ አይገጥምም፣ ከሳሳ ይላላል። ከላይ ተንጠልጥሎ ለሚከፈትና እንደ በር በጎን ለሚከፈት መስኮት የሚሠራውም ለየብቻ ነው፤ ፎቶ ላይ ግን ወንድማማች ይመስላሉ። ደግሞም አንዱን ብቻ መቀየር አያዋጣም፤ አሮጌው የላላ እንደሆነ አዲሱ ብቻውን ይሸከማል።

«መስታወቱን ቀይረህ ነበር?» አልኩት።

«ልጆቹ በኳስ ሰበሩት። ባለ 4 ሚሊው ወጥቶ ባለ 6 ገባ፤ ጠንካራ ይሁን ብዬ።»

በዳዩ ተገኘ! አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረቱ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። የእሱ መስኮት 60 በ80 ነው፤ 4.8 ኪሎ የነበረው መስታወት 7.2 ሆነ ማለት ነው። ክንዱ ምን ያድርግ? ሻጩን ኪሎውንም እንዲጠይቀው ነገርኩት፤ ቁመቱ አንድ ሆኖ ሸክሙ የሚለያይ አለና።

«ቨርጂንያ ያለችው እህቴ እንዲህ አልተቸገረችም» አለ። የእሷ መስኮት ወደ ላይ ተገፍቶ የሚከፈት ነው። የመስኮቱን ክብደት የሚሸከምላት፣ በጎን በኩል ባለው ቦይ ውስጥ የተደበቀ ባለ ስፕሪንግ መሣሪያ ነው፤ እሱ ሲበጠስ መስኮቱ እንደ ቢላ ጣት ላይ ይወርዳል። አንዳንዱ ዓይነት ብረቱ ላይ ቁመቱንና የሚሸከመውን የሚጠቁም ቁጥር ይታተምበታል፤ ጥምዝምዙ ዓይነት ደግሞ በጫፉ ቀለም ይለያል። እሷም ቁጥሩን አንብባ አዘዘች፤ በፖስታ ደረሰላት።

«የእኛ ግን ቁጥር የለውም!»

ክንዱን ተቀብሎኝ አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገ። ከሐዲዱ ጫፍ ላይ ደብዘዝ ያለ 12 ብቅ አለ።

ሁለታችንም ዝም አልን። ከአጥሩ ውጭ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሲመጣ፣ ወዳጄ ክንዱን ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጠው።