ዕውቀት ከሹመት ይቀድማል

ከትምህርት ቤት ስንወጣ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው «ምን እሠራለሁ?» ብለን ሳይሆን «ምን እሾማለሁ?» ብለን መሆኑን መሸሸግ አይገባንም፡፡ እኛም ዲፕሎማችንን ከተቀበልን ገና ብዙ ዘመን ስላልሆነን ከዚህ ነቀፋ ነጻ ነን አንልም፡፡ ስለዚህ የአንድ ፖላንዳዊ ዲፕሎማት የሥራ ዘመን ለወጣት አንባቢዎቻችን ምሳሌ ይሆን ዘንድ ልናቀርብ ወደድን፡፡ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡

ፕሮፌሰር አዳም ዳንኤል ሮትፌልድ በ1938 ዓ.ም. ያን ጊዜ በፖላንድ፣ ዛሬ በዩክሬን ግዛት በምትገኝ ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ፡፡ ወላጆቻቸው በናዚዎች ዘመን ሲገደሉ እርሳቸው ግን በአንድ ገዳም መነኮሳት ተሸሽገው ተረፉ፡፡ ስለዚህ የጦርነትን ክፋት የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም፡፡

በ1961 ዓ.ም. በዋርሶ ወደሚገኘው የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ጥናት ተቋም ገብተው እስከ 1989 ድረስ በተመራማሪነት ሠሩ፡፡ በዚህም ጊዜ ምሥራቅና ምዕራብ ስለ አውሮፓ ጸጥታ በተነጋገሩባቸው ስብሰባዎች ከአገራቸው መልእክተኞች ጋር ተቀምጠዋል፡፡ ወሰን በኃይል እንዳይለወጥ፣ የሰው መብትም እንዲከበር 35 መንግሥታት በ1975 በሄልሲንኪ የፈረሙት ስምምነት የዚህ ድካም ፍሬ ነው፡፡ ሁሉም ካልተስማማ አንዲት ቃል እንኳ አትጸድቅም ነበርና ሥራው ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር፡፡

ከ1991 እስከ 2002 ዓ.ም. የስዊድን ፓርላማ ያቋቋመውን የስቶክሆልም የሰላም ምርምር ተቋም መሩ፡፡ ይኸውም የመንግሥታትን የጦር መሣሪያና የጦር ወጪ እየመረመረ በየዓመቱ ለዓለም የሚገልጥ ነው፡፡ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት በ2005፣ ዕድሜያቸው 67 ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ነው፤ በሹመቱም ላይ ዓመት አልቆዩም፡፡

ይሁን እንጂ ከባዱ ሥራ የመጣው ከሹመቱ በኋላ ነው፡፡ ከ2008 ጀምሮ ፖላንድና ሩሲያ አስቸጋሪ የታሪክ ጉዳዮቻቸውን እንዲመረምር ያቆሙትን ቡድን በፖላንድ በኩል መሩ፡፡ ከጉዳዮቹ አንዱ በ1940 በካቲን የተፈጸመው የፖላንድ መኮንኖች ግድያ ነበር፤ ሶቪየት ኅብረት ወንጀሉን እስከ 1990 በጀርመኖች ስታላክክ ኖራለች፡፡ የሁለቱ አገር ሊቃውንት የጻፉት መጽሐፍ በ2010 ታተመ፡፡ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለዚህ ነው፡፡

ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን በጦር ስለ ወረረች ያ ሁሉ ንግግር ከንቱ ነበር የሚል አይጠፋም፡፡ ወረቀት መድፍ እንደማያቆም እናውቃለን፡፡ ነገር ግን ወሰኑ በጽሑፍ ባይታወቅ ኖሮ፣ ወሰን አፍራሹን በምን ሚዛን እንመዝነው ነበር?

እንግዲህ ወጣቱ ሹም ወንበሩን ከመቍጠሩ አስቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዶሴ ጠንቅቆ ይወቅ፡፡ ሹመት ይሻራል፤ ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል፡፡